አሮጊቷ ሃይሉክሴ ናፍጣ ጨረሰችብኝ፣ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ1995 ሞዴል ሃይሉክስ አለችኝ፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የላትም። ደሴና ሐይቅ ሸቀጥ አመላልስባታለሁ፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ። ድሮ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር፣ አሁን 7 ከሞላች ተመስገን ነው። የደሴን ዳገት ስትወጣ ጥቁር ጭሷ አያድርስ ነው፣ ከኋላ ያለ ባጃጅ ሁሉ ይሰድበኛል። መካኒኬ "ፖምፓው ይፈታ" ይላል፣ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ማለቱ ነው። ባለፈው ክረምት ሞተሩ ሲግልበት ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን) አውጥቶ ጣለው፣ እኔም በዚያው ሰሞን ትልልቅ ጎማ አስገባሁ። ቁልቁለቱን በፎሌ (ማርሽ ሳላስገባ) ለቅቄ ልቆጥብ ብል ለውጥ የለም።

ጋራዥ ነኝ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ፖምፓው የመጨረሻው ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል ማለት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ትንሽ ማጨሱ አይቀርም። በዚህ ላይ የአየር ፊልትሮው ከታፈነ አለቀ። እሱን አውጥተህ እይ። ከዚያ ቴርሞስታቱን መልስ! እሱ ከሌለ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ናፍጣ ይበላል። የጋለበት ምክንያት ራዲያተሩ ይሆናል፣ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካጨሰች ኖዝሎቹን (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን) አስፈትሽ።

የድሮ ሹፌር፦
ልጄ፣ ፎሌውን ተው። በዚያ መንገድ ጭነት ይዘህ በፎሌ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ገደል መግባት ነው። ቁጠባም የለውም እኮ። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ፔዳሉ ስታነሳ ፖምፓው ናፍጣ ይዘጋል፣ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየጠጣ ነው የሚወርደው።

ጎሚስታው፦
ሰው ያላነሳው የጎማውን ነገር ነው። ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ብዙ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ግን በድሮው ነው የሚያስብ። 100 ሄደህ 93 ሊያነብልህ ይችላል። ስለዚህ ከ7ቱ ላይ ትንሽ አለህ ማለት ነው ሃሃ። ታንከሩን ጢም አድርገህ ሙላ፣ ሂድ፣ መልሰህ እዚያው ማደያ ሙላና የሄድከውን ኪሎ ሜትር በሞላኸው ሊትር አካፍል። ነፋሱንም ጠዋት ጎማው ሳይግል አስለካ። ደግሞ ከመንገድ ስትመለስ ቸርኬዎቹን በእጅህ ጠጋ ብለህ እይ፣ አንዱ ከሌላው የበለጠ ከጋለ ፍሬኑ አልለቅ ብሎ ይዟል፣ እሱም ናፍጣ ያስበላል።

ጠያቂ፦
ሸጋ ነገር ነው የነገራችሁኝ። ፊልትሮውን አወጣሁት፣ የባቲን አቧራ ግማሽ ኪሎ ተሸክሞ ነበር ወላሂ። የግራ የኋላ ቸርኬም እጅ አያስጠጋም፣ ፍሬኑ ይዞ ኖሯል። ሁለቱን አስተካክዬ ጭሱ ቀነሰ፣ በቆጣሪው 8.5 ገባች። ቴርሞስታቱ ደሴ ጠፋ፣ ከአዲስ አበባ አስልኬያለሁ። መካኒኬ ግን አሁንም ፖምፓው ይፈታ እያለ ነው።