የማንን ልብስ ትልበስ?

እናት ከጎፋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር 29 ልጄ ትምህርት ቤት የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ይከበራል። «የብሔራችሁን ልብስ ልበሱ፣ ምግብም ይዛችሁ ኑ» የሚል ወረቀት ተልኮልናል። አባቷ ሲዳማ ነው፣ እኔ ጎንደሬ ነኝ። ልጅቷ «የማንን ልልበስ?» እያለች ታለቅሳለች። ሁለተኛ ክፍል ናት እኮ! ምን ላድርግ?

የሦስት ልጆች አባት፦
እህቴ፣ ለራሷ ተዪላት። ቀሚሱን ካንቺ፣ ጨሌውን ካባቷ ብታደርግ ማን ይከለክላታል? ወረቀቱ ግን መስተካከል አለበት። «ከቤታችሁ ባህል የምትወዱትን አሳዩን» ቢል ይበቃ ነበር፣ ሕፃን ልጅን አንዱን ምረጪ ብሎ ማስጨነቅ ልክ አይደለም።

መምህርቷ፦
አስተማሪ ነኝ። ምግቡንም አስቡበት። ኅዳር 29 የነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል ዶሮ ወጥ ቢመጣ የሚጾሙት ልጆች አይነኩትም፣ ሥጋ ከሆነ ደግሞ የክርስቲያን የሙስሊም እየተባለ ገበታው ለሁለት ይከፈላል። እኛ የጾም ብቻ ነው የምናስመጣው። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆጮ በጎመን፤ ሁሉም ካንድ ትሪ ይቆርሳል። ጭፈራ ላይ ደግሞ መቆም የማይችል ልጅ ካለ ከበሮውን ለሱ ስጡት እንጂ ጥግ አታስቀምጡት።

እናት ከጎፋ፦
ተባረኩ። ቆጮውን አማቴ ይሠሩልናል። ስለ ወረቀቱ ነገ ርዕሰ መምህሩን አነጋግራለሁ።