ቶርኖ ላይ ልቀጥል ወይስ ለሲኤንሲ (በኮምፒውተር ለሚመራ ቶርኖ) ልስጠው? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም፣ በሙያው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች። የወፍጮ ዘንግ እየሠራሁ ተቸግሬያለሁ። ስድስት ናቸው፤ በሁለቱም ጫፍ 6208 ኩሽኔታ ይገባባቸዋል። የኩሽኔታው ቀዳዳ 40 ሚሊ ነው። ዘንጉን ኬ6 በሚባለው ጠበቅ ያለ ልክ፣ ማለትም ከ40.002 እስከ 40.018 ማውጣት አለብኝ።

የምሠራው በአሮጌ የእጅ ቶርኖ ነው። በቸኩ (ብረቱን ይዞ በሚያዞረው) በኩል 40.010 ይወጣልኛል። በቴልስቶኩ (ሌላውን ጫፍ በሚደግፈው) በኩል ግን 40.036! የለካሁት በደንብ ቀዝቅዞ ነው። 40 ሚሊ ብረት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ብቻ ወደ 10 ማይክሮን (0.010 ሚሊ) እንደሚያብጥ አውቃለሁ።

የመጀመሪያውን እንደምንም በመዶሻ አስገባሁት። አንድ ሰዓት ሳይሠራ ያ ኩሽኔታ እጅ አላስነካ አለ። እህል ይዘው የተሰለፉትን እናቶች ሳይ አንጀቴ ተላወሰ።

ጓደኛዬ «ለሲኤንሲ ስጠውና ተገላገል» ይለኛል። ሲኤንሲም ቢሆን የመጀመሪያው ዘንግ ተለክቶ፣ የታየው ልዩነት ማሽኑ ላይ ካልተሞላለት ተአምር አይሠራም ባይ ነኝ። ደግሞስ ለቀሩት አምስት ዘንጎች ፕሮግራሙና ዝግጅቱ ያዋጣል? ወይስ ቶርኖ ላይ 0.2 ሚሊ አስተርፌ ግራይንደር (በድንጋይ የሚሞርድ ማሽን) ላይ ይጨረስልኝ?

ከሁሉ በላይ የጨነቀኝ ይሄ ነው፦ ቴልስቶኩ ወደ ጎን ሸሽቶ ነው ወይስ የቶርኖው ሐዲድ ተበልቶ? በምን ልለየው? ዲያል (ጥቃቅን ልዩነት የሚያሳይ መለኪያ) አለኝ፣ የተሞረደ የሙከራ ዘንግ ግን የለኝም። ሁለተኛውን ዘንግ ሰኞ እጀምራለሁ፤ ከዚያ በፊት የሞከረ ካለ ቢነግረኝ ውለታው ትልቅ ነው።