ኑዛዜው ሲነበብ ዲሹ ጠፋ! ባሕር ዳር ያላችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የሽምብጧ (እሁድ፣ ማታ 2፡50)
ኧረ በጊዮርጊስ ድረሱልኝ! ዲሹ አሁን ጠፋብኝ። ድራማው ላይ ጠበቃው የኑዛዜውን ፖስታ ቀደደ፣ «ቤቴን የማወርሰው…» አለ፣ ከዚያ ጨለመ። «ሲግናል የለም» ይላል። እማዬ ከዘጌ የመጣችው አርብ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ይህን ክፍል ስትጠብቅ ነበር። ሪሲቨሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ሌላ ምን ልንካ? ያያችሁ ካላችሁም ንገሩኝ፤ ቤቱ ለማን ተባለ? እማዬ «ለሹፌሩ ነው፣ ያ ሰውዬ ዓይኑ አላማረኝም» እያለች ነው።

ባለ ቀበሌ 14
ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀይው። አምስት ደቂቃ ቆይተሽ መልሺው። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የሽምብጧ
አጥፍቼ አብርቻለሁ ብያለሁ እኮ ወንድሜ!

የጣና ልጅ
ሁሉም ቻናል ነው የጠፋው ወይስ የኛዎቹ ብቻ? ዲሽሽ ስንት ነው? ዝናብ አለ?

የሽምብጧ
ዓረቦቹ ይሠራሉ። የኛዎቹ ናቸው የጠፉት። ሁለት ዲሽ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ። ዝናቡማ እየወረደ ነው፤ ነፋሱም ከጣና በኩል ቤቱን ሊነቅለው ነው።

ችሎት ወዳድ
ስለ ዲሽ አላውቅም። ስለ ኑዛዜው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ባለፈው ሳምንት ሰውዬው ሲናዘዝ አይተናል። ጠበቃው በኮምፒውተር ጻፈ፣ ሹፌሩና ሠራተኛዋ ፈረሙ፣ አለቀ። እንዲህ አይደለም! የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አንቀጽ 881ን አንብቡ። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ሁለት ምስክር የሚበቃው አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ነው። ሰውዬው ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎት፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን አስገብቶ ቢፈርም ደግሞ ምስክር ባላስፈለገው ነበር። የተረፈ ጉልበት ነበረው እኮ፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ደብዳቤ ሲጽፍ አላያችሁም?

የፔዳዋ
ወንድሜ፣ ድራማ ነው እኮ! ችሎት አይደለም። እህታችን ሲግናል ነው የጠፋባት።

ችሎት ወዳድ
እናቶቻችን ስለ ኑዛዜ የሚሰሙት ከድራማ ነው። እኛ ሰፈር አንድ አባት ሁለት ምስክር ይበቃል ብለው አስፈርመው አረፉ። ልጆቻቸው ይኸው ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። በአንድ ግቢ እየኖሩ የሚነጋገሩት በፍርድ ቤት ነው። ለዚህ ነው የምለፈልፈው።

አባይ ማዶ ዲሽ ሠራተኛ
እታለም፣ እኔ ልንገርሽ። ዓረቦቹ የሚመጡት ናይልሳት ከሚባለው ሳተላይት ነው፤ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው ያለው። የኛዎቹ ኢትዮሳት ላይ ናቸው፤ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ስለዚህ ሪሲቨርሽና ወደ ቤት የሚወርደው ገመድ ደህና ናቸው፤ ባይሆኑ ዓረቦቹም በጠፉ ነበር። ችግሩ ከሁለተኛው ዲሽ እስከ ስዊቹ (የሁለቱን ዲሾች ገመድ ወደ አንድ የሚያገናኘው ዕቃ) ድረስ ነው።

ብዙ ሰው ዝናቡን ነው የሚወቅሰው። እኔ እዚህ ላይ እጠራጠራለሁ። ናይልሳት ከኛ ከተማ ሲታይ ዝቅ ያለ ነው፤ ጨረሩ በዝናቡ ውስጥ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ኢትዮሳት ግን ከ60 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ከምትወጣበት በኩል። ዝናብ ቢሆን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ናይልሳት ነው። አንዳንዴ ደመናው በአንድ በኩል ብቻ ይከብዳል፤ ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ካልተመለሰ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሲግናል መቀበያ) ጫፍ ላይ ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ውሃ ገብቶበታል፣ ወይም ነፋሱ ዲሹን አዙሮታል።

ዛሬ ማታ ጣራ ላይ እንዳትወጪ! ቆርቆሮው ያንሸራትታል። ነገ ሲደርቅ መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ገመዱ እስከ 18 ቮልት ይዞ ነው የሚወጣው፣ መሐሉና ዙሪያው ከተነካካ ሪሲቨሩ ይቃጠላል። ማሰሪያውን ፍቱ። ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ቆርጣችሁ አዲስ እሰሩ፣ በደንብ በፕላስተር ጠቅልሉ። ገመዱን ከማሰሪያው በታች ትንሽ አንጠልጥሉት፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። አሁንም ካልመጣ ስዊቹን ዝለሉና የኢትዮሳቱን ገመድ በቀጥታ ወደ ቤት ከሚወርደው ጋር አገናኙት። ከመጣ ስዊቹ ነው የሞተው።

ባለ ቀበሌ 14
ከሶኬት ነቅላ አሥር ደቂቃ ብትጠብቅስ?

የሽምብጧ
አባይ ማዶ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ባለቤቴ መሰላል ሊያወጣ ሲል ያንተን አንብቤለት ተወው። ቤቱስ? እማዬ ሳልሰማ አልተኛም አለች።

የፔዳዋ
እኔ ነገ ዩቲዩብ ላይ ነው የማየው! እባካችሁ አትናገሩ!

የጣና ልጅ
ለእናትየው ስል ልናገር ነው። የፔዳዋ፣ ይቺን ዝለያት። ቤቱን ለሠራተኛዋ ልጅ ነው ያወረሰው። ሚስትየው አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ለእንግዶቹ ቡና ልትቀዳ ሄደች። እኔን ያስለቀሰኝ ያ ነው። እኛ ቤት የሚናገር ሰው ጠፋ።

ችሎት ወዳድ
ሠራተኛዋ? ምስክር ሆና የፈረመችው እሷ ራሷ አይደለችም እንዴ!

እማማ ጦቢያ
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ረሳችሁ። ቤቱ የሱ ብቻ ነው ያለው ማነው? ሲጋቡ የሰው ቤት ተከራይተው ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አይተናል። ወርቋን ሸጣ ነው መሠረቱን ያስጣሉት። ግማሹ የሷ ነው። እሱ የሚናዘዘው የራሱን ግማሽ ብቻ ነው። እኔ ባለቤቴ ሲያርፍ ይህን ያስረዳኝ አንድ የቀበሌ ጸሐፊ ነው፤ ባይነግረኝ ኖሮ ዛሬ ሜዳ ላይ ነበርኩ። ያቺ ሴትዮ ቡና መቅዳቷን ትታ ነገ ማለዳ ፍርድ ቤት ትሂድ።

ችሎት ወዳድ
እትዬ፣ ልክ ነዎት። እኔ በምስክሮቹ ተይዤ ዘልዬዋለሁ። በጋብቻ ውስጥ ያፈሩት ንብረት የሁለቱ ነው።

የጣና ልጅ
የሽምብጧ፣ እማማ ጦቢያ ያሉትን ለእናትሽ አንብቢላቸው።

አባይ ማዶ ዲሽ ሠራተኛ (ሰኞ፣ ጠዋት 2፡15)
እታለም፣ ዝናቡ ሌሊት ቆሟል። ተመለሰ? ካልተመለሰ ከሰዓት በኋላ በሽምብጥ በኩል አልፋለሁ፤ መለኪያዬን ይዤ ብቅ እላለሁ።

የጣና ልጅ
እናትየውስ ምን አሉ?

የዘንዘልማው (ሐሙስ)
እኔም ጋ ትናንት ከዝናቡ በኋላ የኛዎቹ ብቻ ጠፉ፣ ዓረቦቹ አሉ። የሽምብጧ፣ ገመዱ ነበር እንዴ?