ብሉቱዙን አፑ ያብራው ወይስ ሰውየው?

ጅሬን፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ ስልክን ከብሉቱዝ ሚዛን ጋር የሚያገናኝ የእሸት ቡና መረከቢያ አፕ ለሚሠሩ ልጆች «በፍላተር ከሆነ ብሉቱዝ ለማብራት አንድ መስመር ኮድ ይበቃል፣ እየጠየቁ ማብራት የሰነፍ ሥራ ነው» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ነገር ዝም ተብሎ አይታለፍም። ፍላተር በአንድ ኮድ ለአይፎንም ለአንድሮይድም አፕ መሥሪያ ነው፤ አንድ መስመር የሚበቃው የትኛው ስልክ ላይ ነው? አይፎን ላይ አፕ ብሉቱዝ ማብራትም ማጥፋትም አይችልም። አንድሮይድም ከ13 ጀምሮ ታርጌቱ (የተሠራለት የአንድሮይድ ኤፒአይ ቁጥር፣ የ13ቱ 33 ነው) 33 እና ከዚያ በላይ የሆነ አፕ ኢነብልን፣ የማብሪያ ትእዛዙን፣ ቢጠራ መልሱ ሁልጊዜ ፎልስ (አልሆነም) ነው።

ሄርማታ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም አልመልሰውም። ገበሬው ቀይ ቡናውን ተሸክሞ ተሰልፎ እያለ መዛኙ «ፍቀድ» «አትፍቀድ» ሲነካካ አይውልም። ፍላተር ብሉ ፕላስ የሚባለው የብሉቱዝ ፓኬጅ ላይ ተርንኦን የሚል ትእዛዝ አለ፣ ጥሩት።

ጅሬን፦ ተርንኦን አንድሮይድ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ የሚያወጣውም ያንኑ የናቅከውን መጠየቂያ ነው። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ደግሞ መጀመሪያ የብሉቱዝ ኮኔክት ፈቃድ ማግኘት አለብህ። ሰውየው እምቢ ካለ ስህተት ይመጣል፣ እሱን መያዝ አለብህ። ከዚያ የብሉቱዙ ስቴት (ሁኔታው) ኦን እስኪሆን መጠበቅ አለ። እስቲ ቁጠረው፣ አንድ መስመር ነው?

ቆጪ፦ ሄርማታ የሚለው ይሠራል። ታርጌቱን 32 ላይ አቁሙት፣ የድሮው ኢነብል እሺ ይላል። ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም ላኩ። ፕሌይ ስቶር ግቡ ያለ የለም።

አጂፕ፦ ፕሌይ ስቶር እ.ኤ.አ. ከኦገስት 31 ቀን 2023 ጀምሮ ከ33 በታች ታርጌት ያለው አዲስ አፕ አይቀበልም፣ ከዚያ ወዲህም ቁጥሩ ከፍ እያለ ነው። በቴሌግራም የዞረ ኤፒኬ ላይ የሂሳብ ስህተት ቢገኝ ማነው በየጣቢያው እየዞረ የሚቀይረው? የገበሬ ኪሎ እኮ ነው የምትመዝኑበት!

ሄርማታ፦ እሺ ማብራቱ ይቅር። በርቷል ወይስ ጠፍቷል ብሎ ማየቱ ግን አንድ መስመር ነው። ይሄን እንኳ እመኑ።

አዌቱ፦ እሱም አይደለም። አይፎን ላይ አፑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ስቴት «አንኖውን» (ገና አልታወቀም) ነው፣ እውነተኛው ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል። የመጀመሪያውን ይዘህ ከሄድክ ብሉቱዙ በርቶ ሳለ አፕህ «ጠፍቷል» ይላል። አንኖውንን ዝለለው፣ ቀጣዩን ጠብቅ፣ ከዚያም የስቴቱን ለውጥ የሚያመጣውን ስትሪም ማዳመጥ አታቁም፤ ሰው መሃል ላይ ሊያጠፋው ይችላል። «አንኦቶራይዝድ»ን ደግሞ ከ«ኦፍ» ጋር አታደባልቅ። ፈቃድ የከለከለን ሰው «ብሉቱዝ አብራ» ብትለው ሄዶ ያያል፣ በርቷል፣ ግራ ይገባዋል። እሱን መላክ ያለብህ ወደ አፑ ሴቲንግ ነው። ፈቃዱንም አፑ ገና ሲከፈት አትጠይቁ፣ «ሚዛን አገናኝ» የሚለው ሲነካ ጠይቁ። ኢንፎ ፒሊስት (የአይፎን አፕ መግለጫ ፋይል) ላይ ብሉቱዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ካልጻፋችሁ ደግሞ ከአይኦኤስ 13 ጀምሮ አፑ ብሉቱዝ እንደነካ ይዘጋል።

ቆጪ፦ መረከቢያ ጣቢያ ላይ አይፎን ይዞ የሚመዝን ማነው?

አዌቱ፦ ከሌለ ለምን ፍላተር? በአንድሮይዱ ቋንቋ በኮትሊን ጻፉና ተገላገሉ።

አጂፕ፦ አይፎኑን ተዉት፣ ጣጣው አሮጌው አንድሮይድ ላይ ነው። ከ6 እስከ 11 ባለው ስካን ለማድረግ (በዙሪያ ያለ የብሉቱዝ ዕቃ ለመፈለግ) የሎኬሽን ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም፣ ሎኬሽኑ ራሱ መብራት አለበት። ካልበራ ብሉቱዙ ኦን ነው፣ ስህተት ላይመጣ ይችላል፣ ዝርዝሩ ግን ባዶ ነው። መዛኙ የሚዛኑን ባትሪ ሲቀያይር ይውላል። ስለዚህ አፑ ብሉቱዝን ብቻ አይይ፣ ሎኬሽንንም ይይ።

ቆጪ፦ ደረሰኝ ማተሚያውስ? 58 ሚሊ ሜትሩ ጭራሽ ዝርዝሩ ላይ አይወጣም።

አዌቱ፦ አብዛኛው ርካሽ ማተሚያ ክላሲክ (የድሮው ዓይነት) ብሉቱዝ ነው። ፍላተር ብሉ ፕላስ የተሠራው ለቢኤልኢ፣ ለኃይል ቆጣቢው ብሉቱዝ፣ ነው፣ ስካን ብታደርግ አያገኘውም። ለክላሲክ ሌላ ፓኬጅ ፈልግ።

ሄርማታ፦ ከርዕስ አትውጡ። ስልኩ የጣቢያው ንብረት ከሆነስ? አፑን ዲቫይስ ኦውነር (ስልኩን የሚያስተዳድር አፕ) አድርጉት፤ ለእሱ ኢነብል በ13ም ከ13 በላይም አልተከለከለም። ስልኩን ፋክተሪ ሪሴት፣ የመጀመሪያው ስክሪን ላይ 6 ጊዜ መንካት፣ ኪውአር ማንሳት፣ አለቀ። መዛኙ ምንም አይጠየቅም።

ጅሬን፦ ይሄ እውነት ነው፣ ትናንት ግን እንዲህ አላልክም። ተርንኦን ያኔም መጠየቂያውን ያወጣል፤ ኢነብልን ፍላተርን ከአንድሮይድ ኮድ ጋር በሚያገናኘው በሜተድ ቻነል ራስህ በኮትሊን ጽፈህ ነው የምትጠራው። በራሱ ስልክ የሚመዝን ሰብሳቢስ? ስልኩን ሪሴት ልታደርግበት ነው?

ሄርማታ፦ ለሰብሳቢው ጣቢያው ስልክ ይግዛለት።

አጂፕ፦ ወጪውን ማን ሊሸፍን?

ሄርማታ፦ ከሥራ ሲወጣም ብሉቱዙን አፑ ያጥፋው፣ ባትሪ ይበላል።

አዌቱ፦ ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው? ባትሪ የሚጨርሰው ሳይቆም የቀረ ስካን ነው። ስካኑን አቁም፣ ከሚዛኑ ጋር ያለውን ግንኙነት ዝጋ። ብሉቱዙን ካጠፋህ ያ ማተሚያም አብሮ ይቋረጣል።

ሄርማታ፦ ማተሚያውን ክላሲክ ነው ብላችሁ ከዝርዝሩ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ።

አዌቱ፦ ክላሲክም ቢኤልኢም በአንድ ማብሪያ ነው የሚሠሩት!