ቲማቲም ላይ ቆመናል

ባለቤቴ 34 ዓመቱ ነው። የሚበላው ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የተጠበሰ ድንችና ዶሮ፣ እንቁላል፣ ሙዝ ብቻ ነው። ክብደቱም የደም ምርመራውም ደህና ነው። መለወጥ የፈለገው ራሱ ነው፤ ማንም አላስገደደውም።

የሚያስቸግረው ጣዕሙ ሳይሆን አፍ ውስጥ የሚሰማው ነገር ነው። በአንድ ጉርሻ ውስጥ ለስላሳና ጠጣር ከተገናኙ ወዲያው ወደ ላይ ይለዋል።

ከሚወደው ተነስተን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ካሮት ላይ ሠርቶልናል። በድንቹ ውፍረት ቆርጠን፣ በዚያው ዘይት ጠብሰን፣ ከድንቹ አጠገብ ሁለት ፍሬ አደረግንለት። ከአሥር ጊዜ ሙከራ በኋላ ሳይጨነቅ መብላት ጀመረ። አትክልት ፈጭቶ ደብቆ ማቅረብ ግን ትልቅ ስህተት ነበር፤ ሲያውቅ ፓስታውንም ለሳምንታት ተወው። አሁን የምጨምረውን ሁሉ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ቲማቲሙን በወንፊት አጥልለን፣ በፓስታ ላይ ከ1 የሻይ ማንኪያ ጀምረን በ3 ሳምንት 3 የሾርባ ማንኪያ ደረስን። ከዚያ ሳይጠለል የተከተፈ ቲማቲም ሞከርን። ልጣጩ ተጠቅልሎ ምላሱ ላይ ቀረ፣ በፍሬው ዙሪያ ያለው ዝልግልግም ፈሰሰ። እዚያው ተፋው፤ ከዚያ ወዲህ ተቀብሎት የነበረውን የተጠለለ ስጎም አይነካም። በአንድ እርምጃ ሁለት ነገር መቀየራችን ይመስለኛል ያበላሸው።

እንዲህ ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው ያጋጠማችሁ፦ ከ1 የሻይ ማንኪያ የተጠለለ ስጎ አሁኑኑ እንደገና ብንጀምር ይሻላል፣ ወይስ ቲማቲምን ለጥቂት ወራት ትተን በሌላ አትክልት እንቀጥል?