የላቦራቶሪያችን ኬሚካል ሲንክ ውስጥ ይደፋል፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ባለ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። አረንጓዴ ክበባችን ችግኝ ይተክላል፣ ፕላስቲክ ይለቅማል። የላቦራቶሪውን ነገር ግን የሚያነሳ የለም። ካፌይን ከቡና የምናወጣው በዳይክሎሮሜቴን (ክሎሪን ባለበት ፈሳሽ ማሟሟያ) ነው፤ ትርፉ ሲንክ ውስጥ ይደፋል። ኮንደንሰሩ (እንፋሎትን አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርገው ዕቃ) ደግሞ የቧንቧ ውሃ ሲያፈስ ይውላል። በጀት የለንም፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የከዚራ ልጅ፦ አቦ፣ ከውሃው ጀምር! ባልዲ ውሃና የዓሣ ገንዳ ትንሽ ፓምፕ ይበቃሃል፤ ያው ውሃ እየዞረ ይመላለሳል። በድሬ ሙቀት ባልዲው ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ጨምር (እስከ አፉ አትሙላው፣ ይፈነዳል)፣ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ይሁን፣ ከዚያ እንዳለ ባልዲው ውስጥ ክተተው።

የሐረሯ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ዳይክሎሮሜቴን የሚፈላው 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። በሰኔ ሙቀት ጠርሙሱን በከፈታችሁ ቁጥር እየተነነ ተማሪው ይተነፍሰዋል። በኢታይል አሲቴት ቀይሩት። ቡናን ከካፌይን ነጻ የሚያደርጉ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል። የሚፈላው 77 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ዲስቲል አድርጋችሁ (አፍልታችሁ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ) መልሳችሁ ትሠሩበታላችሁ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ በርነር አጠገቡ አይለኮስ። ሁለተኛ፣ ዳይክሎሮሜቴን ከውሃው ሥር ይቀመጥ ነበር፣ ይሄኛው ከላይ ይንሳፈፋል። ተማሪዎቹ በለመዱት እጅ የታችኛውን ይዘው የላይኛውን ከደፉት ካፌይኑ አብሮ ሄደ!

ጡረታ የወጣው ቴክኒሻን፦ ሁላችሁም ያላችሁት ልክ ነው። ኬሚስቶቹ ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 እ.ኤ.አ. ካወጧቸው 12 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ (ብክለትን የሚቀንስ ኬሚስትሪ) መርሆች የመጀመሪያው ግን ቆሻሻን ከማከም አለመፍጠር ይሻላል ይላል። መጠኑን ቀንስ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚሠራ ታውቃለህ፤ ጥንካሬውን (የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠኑን) ኢዲቲኤ በሚባለው ኬሚካል ለመለካት ትልቅ ቡሬት (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥብ ቱቦ) ለምን? መርፌ የሌለው ባለ 2 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለትምህርት ይበቃል። በእኔ ግምት በጀት የሚያተርፍልህ ይሄ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የቀረውን ዳይክሎሮሜቴንስ?

የሐረሯ መምህርት፦ ሲንኩን ዛሬውኑ እርሱት። ክፍት ትታችሁ እንዲተንም አታድርጉ። በብርጭቆ ጠርሙስ፣ በደንብ ተከድኖ፣ ስሙ ተጽፎበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ከሌላ ሶልቨንት (ማሟሟያ) ጋር አትቀላቅሉት፤ ክሎሪን ያለበት ቆሻሻ ለብቻው ነው የሚወገደው። ክሮሜት (መርዛማ የክሮሚየም ውህድ) ካላችሁም የራሱ ጠርሙስ ይኑረው። ቤኪንግ ሶዳ አሲዱን እንጂ ክሮሚየሙን አያጠፋውም።