የአባቴ ኩላሊት ላይ ያለው ዕጢ ሙሉ በሙሉ መውጣቱ እንዴት ይታወቃል?

የኮዬዋ፦
ሰላም ለቤቱ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። አባቴ ሆዱን አሞት አልትራሳውንድ ሲታይ ግራ ኩላሊቱ ላይ ዕጢ ተገኘ። ሲቲ ስካኑ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይላል። ሐኪሙ ዕጢውን ብቻ አውጥተን ኩላሊቱን እናተርፋለን ብሎናል። አጎቴ ግን «ሥሩ ከቀረ ያቆጠቁጣል፣ ኩላሊቱ ባንዴ ይውጣ» ብሎ ቤቱን በጥብጦታል። ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ደግሞ የቀረ ካንሰር ካለ እዚያው የሚያሳይ የብርሃን ካሜራ አለ ትላለች። እሱን እስክናገኝ እናቆየው?

ሲስተር ከሰበታ፦
እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው የምሠራው። ከ4 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ዕጢ፣ የሚቻል ከሆነ ኩላሊቱን ማትረፍ ይመረጣል። አጎትሽን በዚህ አረጋጉልን።

ዕጢው ሲቆረጥ የኩላሊቱ ደም ሥር በክላምፕ (በመቆንጠጫ) ይያዛል። ያኔ ደቂቃ ጮክ ብዬ የምናገረው እኔ ነኝ። 25 ስል ሁሉም ይጣደፋል፤ ኩላሊት ያለ ደም ብዙ አይቆይም። ሐኪሙ የወጣውን ዕጢ ገልብጦ ሥሩን ያየዋል። ዙሪያውን ጤነኛ ሥጋ ከለበሰ ጥሩ ነው። ካጠራጠረ ናሙናው በቅዝቃዜ ጠጥሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ እሱ ግን 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጃል። የብርሃኑ ካሜራ የሚጠናውም ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ለማሳጠር ነው።

ካሜራው እውነት አለ። ኢንዶሳያኒን ግሪን የሚባል ቀለም በደም ሥር ይሰጣል። በኢንፍራሬድ ሲታይ ጤነኛው ኩላሊት ያበራል፣ ዕጢው ብዙ ጊዜ ደብዘዝ ይላል። ግን ሁሉም ዕጢ አይደበዝዝም፤ ብርሃኑም ወደ ሥጋው ጥቂት ሚሊ ሜትር እንጂ አይዘልቅም። የዓይን ሐኪሞች ሬቲና (የዓይንን የውስጥ ሽፋን) የሚያዩበት ኦሲቲ የሚባል የብርሃን መሣሪያም ለዚሁ ይሞከራል፣ እሱ የሚያየው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ያው ፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣው ሥጋ የላብራቶሪ ምርመራ ነው። ለካሜራ ብላችሁ ቀጠሮ እንዳታሳልፉ፣ አደራ።

ጋሽ ቡራዩ፦
ልጄ፣ እኔም እንደ አባትሽ ነው የተሠራሁት። የፓቶሎጂው ወረቀት «ጠርዙ ላይ (የወጣው ሥጋ የተቆረጠበት ዳር) ካንሰር ይታያል» ሲል ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። ሐኪሜ ግን ያ ማለት የግድ ይመለሳል ማለት አይደለም ብሎ በሲቲ ስካን ይከታተለኛል። እስካሁን ምንም አልታየም፣ ተመስገን።

የኮዬዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምን ልከታተል?

ሲስተር ከሰበታ፦
ናሙናውን ራሳችሁ ወደ ላብራቶሪ አድርሱ ከተባላችሁ ዕቃው ላይ የአባትሽ ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር መጻፉን እዪ። ሥጋው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ ከላይ እስከ ታች መሸፈን አለበት። ሰው ስታስታምሙ መኪና ውስጥ ረስታችሁት እንዳያድር። ውጤቱ ሲመጣ ስለ ጠርዙ የሚለውን መስመር ሐኪሙ ያንብብልሽ።